ትንሽ የጉዞ ቢላ ስትገዙ ቀጭኑን ምረጡ

የመጀመሪያዬ የጉዞ ቢላ ሲያዩት ያስፈራ ነበር። ጀርባው ላይ የመጋዝ ጥርስ አለው። እጀታው ክፍት ቱቦ ነው፤ ውስጡ ክብሪት፣ መርፌና የዓሣ መንጠቆ ተጠቅጥቆበታል። ክዳኑ ላይ ደግሞ ኮምፓስ። አንድ ቢላ ገዝቼ ሙሉ ሱቅ የያዝኩ መሰለኝ። በመጀመሪያው የካምፕ ምሽት የክንድ ውፍረት ያላትን እንጨት ልሰነጥቅበት ስል ብረቱ ከእጀታው ተነቅሎ ወደ ሳሩ በረረ። ማንንም ባለመውጋቱ ተመስገን ነው። ኮምፓሱም ቢሆን ሰሜንን ደስ ባለው በኩል ነበር የሚያሳየው።

ገንዘቤ የሄደው ለሚታየው ነገር ነበር። ለጥርሱ፣ ለኮምፓሱ፣ ለማስፈራራቱ። ርካሽ ሆነው ጥሩ የሚሠሩ ቢላዎች ግን ሞልተዋል። ችግራቸው ዓይን አይስቡም። አጭር፣ ቀጭን፣ ባለ ፕላስቲክ እጀታ፤ ከኩሽና ያመለጡ ይመስላሉ። ይህ ጽሑፍ እነሱን ከመደርደሪያው መሃል እንዴት እንደምትለዩ ነው።

ቋሚ ቢላ የምለው የማይታጠፈውን፣ ሰገባ ውስጥ የሚገባውን ነው። ሰንጢ ለኪስ ይመቻል። ግን ማጠፊያ አለው። ማጠፊያ ይላላል፣ አሸዋ ይገባዋል፣ ውስጡ ቆሻሻ ይደርቅበታል። መቆለፊያው የለቀቀ ዕለት ደግሞ ጣት ላይ ይዘጋል። ቋሚው አንድ ብረት ነው፤ ታጥቦ ይጠረጋል፣ አለቀ። ለባለ ትንሽ በጀት ሌላም ጥቅም አለው። ማጠፊያና መቆለፊያ በጥራት መሥራት ውድ ነው። ቋሚ ቢላ ላይ ያ ወጪ ስለሌለ በተመሳሳይ ዋጋ የተሻለ ብረት ታገኛላችሁ።

ከመግዛታችሁ በፊት ቢላውን ለምን እንደምትፈልጉት አስቡ። ፊልም ላይ እንዳለው ከአውሬ ጋር ለመታገል እንዳልሆነ እገምታለሁ። ካምፕ የወጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢላ የሚያነሳው ገመድ ለመቁረጥ፣ ማሸጊያ ለመክፈት፣ ምግብ ለመክተፍ፣ ለእሳት ማቀጣጠያ የሚሆን እንጨት ለመፋቅ፣ የጠፋ የድንኳን ካስማ ለመተካት እንጨት ለማሾል ነው። ለዚህ ሁሉ ከ8 እስከ 11 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ስለት ይበቃል። መለኪያ ከሌላችሁ የመዳፋችሁን ስፋት ያህል ወይም ከዚያ ትንሽ ዘለግ ያለ ይሁን። ከዚያ በላይ ሲረዝም ጫፉ ከእጃችሁ ይርቃል፤ የሚርቅ ጫፍ ደግሞ ለጥቃቅን ሥራ አይታዘዝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ወደ ውፍረቱ።

ቢላ ሲቆርጥ ሁለት ነገር ይሆናል። ስለቱ መንገድ ይከፍታል። ከስለቱ በላይ ያለው ብረት ደግሞ በተከፈተው መንገድ ማለፍ አለበት። ብረቱ ወፍራም ከሆነ ሽብልቅ ይሆናል። በወፍራም ቢላ ካሮት ቆርጣችሁ ታውቃላችሁ? ግማሽ ድረስ ከገባ በኋላ ካሮቷ ቋ ብላ ትሰነጠቃለች። ስለቱ ምላጭ ቢሆን እንኳ ያው ነው። እንጨት ስትፍቁም ወፍራሙ ቢላ ይይዛል፣ እናንተ ትገፋላችሁ፣ እጅ ይዝላል። የዛለ እጅ ነው የሚስተው።

ታዲያ ሰው ወፍራሙን ለምን ይወዳል? ጠንካራ ስለሚመስለው ነው። በከፊል ልክ ነው። የአንድ ብረት ውፍረት እጥፍ ሲሆን ክብደቱ እጥፍ ይሆናል፤ እንዳይጎብጥ የሚቋቋምበት አቅም ግን ስምንት እጥፍ ይደርሳል። 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቢላ በር ሊፈለቅቅ ይችላል። ግን ድንኳን አጠገብ ምን የሚፈለቀቅ በር አለ? ለትንሽ ቢላ ጀርባው ላይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር በደንብ ይበቃል። ግንድ መሰንጠቅ ካለባችሁ መጥረቢያ ያዙ፤ ቢላን በዱላ እየመቱ እንጨት መሰንጠቅ በየቪዲዮው ቢታይም የትንሽ ቢላ ሥራ አይደለም።

ደግሞ ጀርባውን ብቻ አትለኩ። ወሳኙ ከስለቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለው ቦታ ነው። ጀርባቸው እኩል የሆነ ሁለት ቢላዎች እዚያ ጋ በጣም ሊለያዩ ይችላሉ፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ብረቱ ወደ ስለቱ የሚሳሳበት መንገድ ነው። አንዳንዱ ከጀርባው ጀምሮ በቀጥታ እየሳሳ ይወርዳል። ይህ ለምግብ ግሩም ነው፣ ለሌላውም ሥራ አያሳፍርም። አንዳንዱ ሁለት ጎኑ ጎድጎድ ያለ ነው፤ እንደ ምላጭ ይቆርጣል፣ ጠንካራ እንጨት ላይ ግን ስለቱ ይሸረፋል። ጎኑ ጎበጥ ያለም አለ፤ ጠንካራ ነው፣ ለጀማሪ ግን መሳሉ ያስቸግራል።

ስካንዲ የሚባለውን ለብቻው ላንሳው፤ ለጀማሪ የምመክረው እሱን ነው። የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ለእንጨት ሥራ የለመዱት ዓይነት ነው። ብረቱ እስከ ጎኑ አጋማሽ አካባቢ ውፍረቱን ሳይቀንስ ይመጣና ከዚያ በአንድ ሰፊ ተዳፋት ወደ ስለቱ ይወርዳል። የሁለቱ ጎን ተዳፋት ተደምሮ 25 ዲግሪ ገደማ ነው። ጥቅሙ ሁለት ነው። እንጨት ላይ ስታስቀምጡት ተዳፋቱ ራሱ እጃችሁን ይመራዋል። ስትስሉት ደግሞ ተዳፋቱን ድንጋዩ ላይ ማስተኛት ብቻ ነው፤ ስንት ዲግሪ ላዘንብለው ብሎ መጨነቅ የለም። ጉድለትም አለው፤ ካሮቷን እሱም ትንሽ ይሰነጥቃታል።

ሻጮች ስለዚህ ነገር ብዙም አያወሩም። የሚያወሩት ስለ ብረቱ ስም ነው። ቁጥር፣ ፊደል፣ እንደገና ቁጥር። ስለዚህ እሱንም ትንሽ እንፍታው።

አረብ ብረት በመሠረቱ ብረትና ካርቦን ነው። ካርቦኑ ጥቂት ነው። ለምሳሌ 1095 በሚባለው ውስጥ 0.95 በመቶ ገደማ ነው። ብረቱን አጠንክራ ስለት እንዲይዝ የምታደርገው ያቺ ጥቂት ካርቦን ናት። ክሮሚየም ሲጨመርበት፣ ቢያንስ 10.5 በመቶ፣ አይዝጌ ብረት ወይም ስቴንለስ ስቲል ይባላል። ክሮሚየሙ ከአየር ጋር ተዋህዶ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ ቢጫር ራሱን መልሶ ይደፍናል። ስሙ አይዝጌ ቢሆንም ጨዋማ ውሃ ውስጥ ከተዋችሁት ይዝጋል፤ ዘግይቶ ነው እንጂ።

አይዝጌ ብረት ስለት አይዝም የሚል ወሬ ዛሬም ትሰማላችሁ። ወሬው ዕድሜ ጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 በእንግሊዝ አገር ሼፊልድ ከተማ ሃሪ ብሪርሊ የሚባል የብረት ባለሙያ የጠመንጃ አፈሙዝ ቶሎ እንዳይበላ የሚያደርግ ብረት ይፈልግ ነበር። 12.8 በመቶ ክሮሚየም ያለው ብረት አቀለጠ። የማይዝግ ሆኖ አገኘው። ለቢላ ይሆናል ብሎ ለከተማው ቢላ ሠሪዎች ሰጣቸው። እነሱ ደግሞ ይህ ለስለት አይሆንም ብለው መለሱለት። የማይቆርጥ ቢላ የፈለሰፈ ሰው እያሉም ተሳለቁበት። ያ ከ100 ዓመት በፊት ነው። ዛሬ 12ሲ27 የሚባለው የስዊድን አይዝጌ ብረት 0.6 በመቶ ካርቦንና 13.5 በመቶ ክሮሚየም ገደማ አለው። ርካሽ ቢላዎች ላይ ይገኛል፣ ምላጭ ሆኖ ይሳላል።

ከአይዝጌውና ያን ያህል ክሮሚየም ከሌለው ካርቦን ብረት የቱ ይሻላል? ካርቦን ብረት በቀላሉ ይሳላል። ግን እርጥብ ሆኖ ካደረ ጠዋት ቀይ ነጠብጣብ ይጠብቃችኋል። ሎሚ ከቆረጣችሁበት ይጠቁራል። ጥቁረቱ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ዝገትን ትንሽ ይከላከላል፣ ወደውት ሆን ብለው በኮምጣጤ የሚያጠቁሩ አሉ። ካርቦን ብረትን ከተጠቀሙ በኋላ ማድረቅና ለምግብ የማይጎዳ ዘይት ቀባ ማድረግ ያስፈልጋል። አይዝጌው ይህን ሁሉ አይጠይቅም። እኔ ሰነፍ ነኝ፤ አይዝጌውን እይዛለሁ።

ከስሙ በላይ ዋጋ ያለው ግን ብረቱ በእሳት ያለፈበት መንገድ ነው። አንድ ዓይነት ብረት ሁለት ፋብሪካ ገብቶ አንዱ ጋ ድንቅ፣ ሌላው ጋ ቆርቆሮ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ካርቦን ብረት 800 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ እስኪደርስ ይጋላል። መለኪያ የሌላቸው አንጥረኞች በማግኔት ያረጋግጣሉ፤ ብረት 770 ዲግሪ ላይ ማግኔት መሳቡን ያቆማል። ከዚያ ዘይት ውስጥ ይነከራል። አሁን ብረቱ እንደ መስታወት ነው፤ በጣም ጠንካራ፣ በጣም ተሰባሪ። ወለል ላይ ቢወድቅ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ እንደገና 200 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት ይሞቃል። ጥንካሬውን ጥቂት አጥቶ ተሰባሪነቱ ይቀንስለታል። ሁለት ወዶ አይሆንም የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ስለቱ ረጅም ጊዜ እንዲቆይ የሚያደርገው ጥንካሬ እንዲሸረፍም ያደርገዋል።

ይህ ጥንካሬ የሚለካው ሮክዌል በሚባል መለኪያ ነው። ጫፉ ሾጣጣ የሆነ አልማዝ በ150 ኪሎ ጫና ብረቱ ላይ ይጫናል፤ ምን ያህል እንደገባ ይለካል። ለርካሽ የጉዞ ቢላ ከ56 እስከ 59 ያለው ቁጥር ጥሩ ነው። ከ54 በታች ከሆነ ስለቱ ቶሎ ይዶለዱማል። ከ60 በላይ ሲሆን መንገድ ዳር ባገኙት ድንጋይ መሳል ይከብዳል። ቁጥሩን የሚጽፍ አምራች ቢያንስ የሚያወራውን ያውቃል ማለት ነው።

የማያውቀው ወይም እንድታውቁ የማይፈልገው ደግሞ ሌላ ነገር ይጽፋል። «ሰርጂካል ስቲል» አንዱ ነው። ሐኪም ቤት የገባ ያስመስላል እንጂ የትኛው ብረት እንደሆነ አይነግራችሁም። «440» ብቻ የሚል ጽሑፍም ተጠንቀቁ። 440 ኤ፣ ቢ እና ሲ የሚባሉ ሦስት ብረቶች አሉ። ሲ 1 በመቶ ገደማ ካርቦን አለው፣ ኤ 0.7 በመቶ ገደማ። ሲ የሆነለት ሻጭ ፊደሉን አይደብቅም። «ደማስቆ» (ድርብርብ ብረት) የተባለና ሞገድ የመሰለ ንድፍ ያለው በጣም ርካሽ ቢላ ካያችሁ ደግሞ ሞገዱ ላይ ላዩን የታተመ ብቻ ሊሆን ይችላል። ጀርባው ላይ ያለውን የመጋዝ ጥርስ በተመለከተ አቋሜን ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ እጀታው እንሂድ። ብዙ ሰው የሚጠይቀው የብረቱ ጭራ እጀታው ውስጥ ምን ድረስ ይገባል የሚለውን ነው። እስከ መጨረሻው የሚደርሰው ጠንካራ ነው፤ ክርክር የለውም። ግን ከባድና ውድ ነው፣ በብርድ ጊዜም ብረቱ እጅን ያቀዘቅዛል። የፊንላንዶች ፑኮ የሚባለው ባህላዊ ቢላ ጭራው ቀጭን ነው፤ ሰዎቹ ለብዙ ትውልድ እንጨት ሲፍቁበት ኖረዋል። ስለዚህ ለትንሽ ቢላ ጭራው እጀታው ውስጥ ግማሹን አልፎ በደንብ ከገባ አልጨቃጨቅም። እኔን የከዳኝ ያ ቢላ ክፍት ቱቦው ጫፍ ላይ በአንድ ብሎን ብቻ የተያዘ ነበር።

ይልቅ እጃችሁን ስሙት። ቢላውን ጨብጡና አጥብቃችሁ ያዙ። አራቱም ጣቶች ይገባሉ? የሚወጋ ጠርዝ አለ? ሱቅ ውስጥ ትንሽ የሚቆረቁር ነገር ከግማሽ ሰዓት መፋቅ በኋላ ውሃ ይቋጥራል። ለጣት ተብሎ አራት ጎድጓድ የተሠራለት እጀታ ጥሩ ይመስላል፤ ጣታችሁ እጀታው የተሠራለትን ሰው ጣት ካላከለ ግን ሥቃይ ነው። ወፍራምና ሞላ ያለ፣ ያልተወሳሰበ እጀታ ለሁሉም ይሆናል። ላስቲክ የተቀባ ሲረጥብ አያንሸራትትም። ጀማሪ ከሆናችሁ ከፊት ትንሽ መከላከያ ያለው ይሁን፤ እጅ ወደ ስለቱ እንዳይንሸራተት። ቀለሙ ደግሞ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ይሁን። አረንጓዴና ቡናማ ቢላ ሣር ላይ አንዴ ከወደቀ የሣሩ ነው።

ሰገባ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ነው። ቢላውን ከተቱና ገልብጣችሁ ነቅንቁት፤ መውደቅ የለበትም። በአንድ እጅ ሲወጣ ጣት ስለቱ አጠገብ መድረስ የለበትም። ፕላስቲክ ሰገባ አያምርም ግን ውሃ አይጠጣም፤ ታችኛው ጫፉ ላይ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ካለው የተሻለ ነው። ቆዳው ያምራል። ሆኖም እርጥበት ይይዛል፣ ስለዚህ ቢላውን ለወራት ውስጡ አታኑሩ።

ምሳሌ ስጠን ካላችሁ ስዊድን ውስጥ ሞራ የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ የቢላ ፋብሪካ አላት፤ የከተማዋ ስም የቢላው ስም ሆኗል። ሞራ ኮምፓኒየን የሚባለው ቢላ እስካሁን ያልኩትን ሁሉ በአንድ ላይ የያዘ ነው። ስለቱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የአይዝጌው ዓይነት ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ አሳሳሉ ስካንዲ፣ እጀታው ላስቲክ ያለው፣ ሰገባው ፕላስቲክ። ጭራው እስከ መጨረሻው አይደርስም። በአይዝጌም በካርቦንም ይሠራል። አያምርም። ከእሱ ብዙ እጥፍ የሚወደዱ ቢላዎች አሉ፤ ብዙ እጥፍ የሚቆርጥ ግን አላየሁም። አንድ ጉድለት ልንገራችሁ፦ ጀርባው ጠርዙ ስል ስላልሆነ የእሳት መጫሪያ ዘንግ (ሲፋቅ ብልጭታ የሚያወጣውን) ለመፋቅ እምብዛም አይሆንም። ለዚያ ሥራ ከፈለጋችሁት ጀርባው 90 ዲግሪ ጠርዝ ያለው ቢላ ፈልጉ። ወይም ጀርባውን በሞረድ ራሳችሁ አስተካክሉት፤ የምታስተካክሉት ጀርባውን መሆኑን ብቻ እርግጠኛ ሁኑ።

የገዛችሁት ምንም ይሁን፣ ከመክፈላችሁ በፊት ስለቱን ወደ ብርሃን አዙሩና ከጫፍ እስከ ሥሩ ተመልከቱት። ስል ስለት ብርሃን አይመልስም። የሚያብረቀርቅ ነጥብ ካያችሁ እዚያ ጋ ዶልዱሟል ወይም ተሸርፏል ማለት ነው። ይሄ ይሳላል። የማይስተካከለው የተጣመመ ብረትና ሁለት ጎኑ እኩል ያልሳሳ ስለት ነው። እሱን ለሻጩ ተዉለት።

ከዚያ መሳል ተማሩ። የማይሳል ውድ ቢላ ከሚሳል ርካሽ ቢላ ያንሳል፤ ደግሞም ዱልዱም ቢላ ጉልበት ስለሚጠይቅ ሲያመልጥ በጉልበት ነው የሚያመልጠው። ቁጥሩ 1000 የሆነ አንድ መሳያ ድንጋይ ለብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ድንጋዩ ይሻክራል። ስለቱ ከተሸረፈ በ400 ጀምሩ። ድንጋዩን አርጥቡ፣ ተዳፋቱን አስተኙ፣ ቀስ ብላችሁ ግፉ። ልክ መሆናችሁን ለማወቅ ተዳፋቱን በማርከር ቀቡት፤ ቀለሙ ከየት ከየት እንደጠፋ ድንጋዩ የነካውን ቦታ ይነግራችኋል። አንዱን ጎን ስትስሉ በሌላው ጎን በጣት ሲዳሰስ የሚሻክር ስስ ትርፍ ብረት ይወጣል። ስለቱ ላይ ዳር እስከ ዳር ከወጣ ገልብጡ። በመጨረሻ አሮጌ የቆዳ ቀበቶ ላይ ጀርባውን አስቀድማችሁ እየጎተታችሁ ትርፉን ብረት አጽዱ። በፍጥነት በሚሽከረከር ደረቅ ሞረድ አታስስሉ። ስለቱ ግሎ ሰማያዊ ቀለም ካወጣ 300 ዲግሪ ገደማ ደርሷል ማለት ነው፤ ያ ሁሉ የእሳት ሥራ እዚያ ቦታ ላይ ፈረሰ።

ስትፍቁ ተቀመጡ፣ ክርናችሁን ጉልበታችሁ ላይ አሳርፉ፣ ከጉልበታችሁ ወደ ውጭ ፍቁ። በሁለት እግራችሁ መሃል አትፍቁ፤ የጭን ውስጠኛው ክፍል ትልቅ የደም ቧንቧ የሚያልፍበት ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ቢላው ሰገባው ውስጥ ይግባ። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። አንዳንድ ቦታ ቋሚ ቢላ ያለ ምክንያት በከተማ ውስጥ ይዞ መገኘት ያስከስሳል፣ ስለዚህ የምትሄዱበትን አገር ደንብ አስቀድማችሁ እዩ። ካምፑ እስክትደርሱ ከቀበቶ ላይ አውርዳችሁ ሻንጣው ሥር አድርጉት። በአውሮፕላን ከሆነ ደግሞ በእጅ ሻንጣ ሳይሆን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ፣ ፈታሹን እንዳይቆርጠው በጨርቅ ተጠቅልሎ።